ታሪካችን ከእኛው ዘንድ ይቀመጥ፦ ከድሬዳዋ የምድር ባቡር ጡረተኞችና ነዋሪዎች የቀረበ አቤቱታ

ጉዳዩን ለያዘው ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ከነዋሪው የተወሰዱ የታሪክ ዕቃዎችና የድምፅ ቅጂዎች እንዲመለሱልን፣ የሰፈራችንንም ታሪክ ራሳችን እንድንሰበስብና እንድንጠብቅ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ የሰፈረው አቤት ባዮች፣ ገሚሳችን በምድር ባቡር አገልግለን ጡረታ የወጣን፣ ገሚሳችን የእነዚሁ ሠራተኞች ባለቤቶች፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። ከባቡሩ ደመወዝ ተቀብለው የማያውቁ፣ ነገር ግን በባቡሩ ነግደው ልጅ ያሳደጉ የመጋላና የገንደ ቆሬ ሰፈር እናቶችም አብረውን ፈርመዋል። በከተማችን ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን እንደምንጠራራ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የዛሬው ጉዳይ ከብዶ ስለታየን ግን በአንቱታ፣ እጅ ነስተን ቀርበናል።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ገንዘብ ልንጠይቅ አልመጣንም። የጡረታ አበላችን ይጨመርልን የሚል ነገርም በዚህ ማመልከቻ ውስጥ የለም፤ እሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቢሮ የምንሄድበት ነው። አቤት የምንለው ከእጃችን ስለወጣው የታሪክ ዕቃ፣ ከአንደበታችን ስለተቀዳው ቃልና ሥራውን ራሳችን ልንሠራ ስንነሳ ስለተደረገብን ክልከላ ነው።

ስለ ከተማችን አመጣጥ ክቡርነትዎን ማስተማር አይቃጣንም። ለአቤቱታችን መነሻ ስለሆነ ብቻ በአጭሩ እናስታውሳለን። ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐዲዱ ይደርሳል የተባለው ሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ግን በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ቦታውም አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ እዚሁ አብቅቶ በከረመባቸው ዓመታት ወደ መሐል አገር የሚሄደው ጭነት ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ጫኙ፣ አራጋፊው፣ ደላላው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጠባቂው ሁሉ እዚሁ ሰፈረ። ድሬን ያቆማት የባቡሩ መምጣት ብቻ ሳይሆን እዚህ መቆሙም ጭምር ነው ብንል ተሳስታችኋል የሚለን ያለ አይመስለንም።

ይህን ያህሉ በመጽሐፍ ይገኛል። በመጽሐፍ የማይገኘው በእኛ ቤት ነው ያለው። ከድሬ ወደ አዋሽ ሲኬድ ሑርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት እያለ ጣቢያዎቹን በተራ የሚጠራ ልጅ ዛሬ ጥቂት ነው። አባቶቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቋቸው ነበር፤ ኤረር ላይ ፍራፍሬ በመስኮት ይገዛ፣ አፍደም ላይ የግመል ወተት ይቀርብ ነበር። በበጋ ሐሩር ሐዲዱ የት ቦታ እንደሚያብጥ፣ በክረምት የትኛው ድልድይ እንደሚያሰጋ፣ ሌሊት ላይ የትኛው ቁልቁለት ፍሬን እንደሚፈታተን የሚያውቁት መሐንዲሶቹ ብቻ አልነበሩም። መንገዱን በእግሩ እየሄደ ብሎን የሚያጠብቀው ሰውም ያውቅ ነበር። ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ ጭነው የሚመጡት ሴቶች ደግሞ የጉምሩክ ጠባቂው ፊናንስ ወደ ባቡሩ ሲወጣ ዕቃቸውን የት የት ይሸሽጉ እንደነበር ዛሬም ሲያወጉት እንባቸው እስኪወርድ ይሥቃሉ። (ይህን በአቤቱታ ላይ መጻፍ ተገቢ ነው ወይ ተባብለን ተከራክረን ነበር። ዘመኑ ያለፈ ስለሆነ፣ ከፊናንሶቹም አንዳንዶቹ ዛሬ የዕድር ጓደኞቻችን ስለሆኑ ይጻፍ ብለናል።)

ክፉውም ቀን እንደዚሁ በእኛ ዘንድ አለ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲያጠቃ ማን የት ተደበቀ፣ ማን ማንን ደበቀ የሚለው በየቤቱ ይወራል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ አስከሬን ያነሱ እጆች ከፈራሚዎቹ መካከል አሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ ብዙ ቤተሰብ የሟቹን ፎቶግራፍ እንኳ ሳይቀር ከቤቱ ጋር አጥቷል። ፎቶ ግልባጭ ይኑረው፣ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ እያልን የምንወተውተው ተምረን ሳይሆን ደርሶብን ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጽሕፈት ቤቱ የተላኩ ሠራተኞች ወደ ሰፈራችን መጥተው የምድር ባቡር ታሪክ ኤግዚቢሽን ሊዘጋጅ እንደሆነ፣ ከዚያም ቋሚ ሙዚየም እንደሚከፈት ነገሩን። ደስ አለን። ከቁም ሣጥን፣ ከአልጋ ሥር፣ ከግድግዳ ላይ ያለንን አውጥተን ሰጠን፤ የሥራ ቆብ፣ ፊሽካ፣ የደመወዝ ደብተር፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የቅጥር ደብዳቤ፣ የሠርግና የኳስ ቡድን ፎቶግራፍ። ለአንዳንዱ ዕቃ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆረጠ፣ ለአንዳንዱ «እመኑን» ተባለ።

ከእነዚህ ውስጥ የአንዱን ነገር ለክቡርነትዎ ዘርዘር አድርገን እናቅርብ። ዕቃው ባለ ቀይና አረንጓዴ መስተዋት የእጅ ፋኖስ ነው። ባለቤቱ ሽንሌ ጣቢያ ላይ ሲሠራ ሌሊት ሌሊት ባቡር ያሳለፈበት ነው። አረንጓዴው መስተዋት በአንድ ጥግ ተሰንጥቆ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። የተሰነጠቀው በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ የታሰረው እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ በሥራ ባልደረባው እጅ ነው። መያዣው ላይ የሁለት ሰዎች ስም የመጀመሪያ ፊደላት በሚስማር ተጭረዋል፤ አንዱ ከእርሱ በፊት በፋኖሱ የሠራው ሰው ነው። በሞዴል 19 ላይ የተጻፈው ግን እንዲህ ይላል፦ «አሮጌ ፋኖስ፤ ብዛት 1፤ ሁኔታ ያገለገለ»። የሰጪው ስም ከፊርማው በቀር የለም። ጣቢያው አልተጠቀሰም፣ ዘመኑ አልተጠቀሰም፣ የሽቦው ነገር አልተጠየቀም። ፋኖሱ ዛሬ መጋዘን ውስጥ በደኅና ተቀምጦ ይሆናል። ነገ የሚያገኘው ሰው ግን ያገለገለ ፋኖስ መሆኑን እንጂ ሌላ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ንብረት ተረክባችሁ ታሪኩን በራፍ ላይ ጥላችሁት ሄዳችሁ ማለታችን በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃሉ ቢጎረብጥም ሌላ አላገኘንለትም።

የድምፅ ቅጂውም ከዚህ የተሻለ አልሆነም። አፍደም ጣቢያ ላይ ለብዙ ዓመታት የግመል ወተት የሸጡ፣ አሁን ገንደ ቆሬ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት አሉን። አፋቸውን የፈቱት በሶማሊኛ ነው፤ ኦሮምኛም አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ አማርኛቸው የገበያ ነው። የመጣው ወጣት መቅረጫውን ከፊታቸው አስቀምጦ በአማርኛ «እማማ፣ የምድር ባቡሩ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ያበረከተው ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «ጥሩ ነው» አሉ። «ሌላ የሚጨምሩት አለ?» «የለም። ጥሩ ነው።» አመስግኖ ሄደ። ልጁን አንወቅስም፤ ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፣ የተሰጠውን መጠይቅ ነው ያነበበው። እኚህ እናት ግን ለልጅ ልጃቸው በራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ከሰዓት በኋላው ሙሉ አይበቃቸውም። ወተቱ እንዳይበላሽ ዕቃው በየትኛው እንጨት እንደሚታጠን፣ ባቡሩ ከመታየቱ በፊት መምጣቱ በምን እንደሚታወቅ፣ ፊሽካው ሲነፋ ሳይከፍል የቀረው ተሳፋሪ በመልሱ ጉዞ መስኮት ላይ ቆሞ እየፈለጋቸው ዕዳውን እንዴት ይከፍል እንደነበር ይናገራሉ። ያልከፈሉትንም በመልክ ያስታውሷቸዋል። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የገባው ግን «ጥሩ ነው» የሚለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ኤግዚቢሽኑም ሙዚየሙም የውሃ ሽታ ሆነ። ደጅ ስንጠና አንዴ «በሂደት ላይ ነው»፣ አንዴ «የያዘው ባለሙያ ተዛውሯል»፣ አንዴ «ድምፁ ያለበት ሃርድ ዲስክ ተበላሽቷል፣ ይሠራል» ተባልን። ቅጂውን ለቤተሰብ ስጡን ያልነውም መልስ አላገኘም። ከሰጠናቸው ፎቶግራፎች የአንዱን ደኅንነት ያወቅነው በአንድ የበዓል ቀን አደባባይ ላይ ነው። ጨርቅ ላይ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ከሥሩ «የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች» ይላል። ልጆቻቸው ከፎቶው በታች ቆመው ነበር፤ በፎቶው ላይ ያሉትን የአምስቱንም ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ መጥራት ይችሉ ነበር። የጠየቃቸው ሰው የለም።

ከዚህ በኋላ ነው «ለምን ራሳችን አንሠራውም?» ያልነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጡረተኛ ግቢ ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ወጣቶቹ በእጅ ስልካቸው ይቀርጻሉ። ሽማግሌው በፈለገው ቋንቋ ያወራል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ፤ ዐረብኛና ፈረንሳይኛም ጣልቃ ይገባል። ቡና ይፈላል። ፎቶ ያለው ያመጣል፣ እዚያው ግልባጩ ይነሳና ዋናው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በጀርባው የሰዎቹ ስም፣ ቦታው፣ ማን እንደተናገረ ይጻፋል። በመካከላችን ጠብ መነሳቱ አልቀረም። አንዱ «ይህ የተነሳው ኤረር ነው» ሲል ሌላው «ጎታ ነው» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ይመዘገባል። የሰፈር ልጆች ይህን ክርክር ለመስማት እየመጡ ነው፤ ከትምህርት ቤት ታሪክ ሲሸሹ የምናውቃቸው ልጆች ናቸው።

ሥራው ሲጠና ተማሪዎችን ይዘን የጣቢያውን ግቢ፣ ወርክሾፑንና እዚያ የቆሙትን አሮጌ ማሽኖች ለማሳየት ጠየቅን። በቶርኖ ማሽኑ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ማሽኑ አጠገብ ቆመው ቢያስረዱ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ? የተሰጠን መልስ ግን ታሪክ የማሰባሰብና የማስጎብኘት ሥራ የባለሙያ እንደሆነ፣ እኛም «ከእንዲህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ እንድንቆጠብ» የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። የሠራንበትን ግቢ ከአጥር ውጭ ሆነን እናየዋለን።

ክቡር ሆይ፣ በትሕትና የምንናገረው ይህ ደብዳቤ ልክ እንዳልሆነ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም። ይኸው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 2 የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ያደርገዋል። ግዴታችን የሆነውን ነገር ከማድረግ ተቆጠቡ ልንባል አንችልም። አገራችን በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማይዳሰሱ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነትም ቅርሱን የፈጠረውና ያቆየው ማኅበረሰብ በጥበቃው ሥራ ውስጥ በተቻለ መጠን እንዲሳተፍ በአንቀጽ 15 ይደነግጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ፍለጋና ጥናት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ተነግሮናል። እሺ። አያት ለልጅ ልጁ የሚያወራው ወሬ ቁፋሮ ነው ብለን ግን አናምንም፤ ነው ከተባለም ፈቃዱን ስጡን ነው የምንለው። ክልከላ የፈቃድ ምትክ አይሆንም።

«ባለሙያ አይደላችሁም» ለሚለው መልስ አለን። አይደለንም። ባለሙያው የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። የቅርስ አመዘጋገብ፣ የድምፅ አያያዝ፣ ወረቀት ከምስጥ የሚጠበቅበትን ዘዴ የሚያስተምረን ሰው ቢላክልን እንደ ልጅ እንቀበለዋለን። ለባለሙያው ደግሞ እኛ እናስፈልገዋለን። የምድር ባቡሩ አሮጌ መዝገብ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ያውም የሥራ ቤት ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ አሕጽሮት የሆነ። ያንን አሕጽሮት የሚፈታ መዝገበ ቃላት የለም፤ የሚፈቱ ሽማግሌዎች ግን አሉ። ይህ ማመልከቻ ከተረቀቀ ወዲህ እንኳ ከእነርሱ መካከል የቀበርነው አለ።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችን ሐረር ምሳሌ ትሆናለች። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የእጅ ጽሑፍ፣ ጌጣጌጥ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂ እየለቀሙ መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፤ በኋላ ስብስቡ ራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚታወቀው ታሪካዊ ሕንፃ እንዲቀመጥ ተደረገ። ዛሬ ሐረርን የሚጎበኝ ሰው ይህን ሙዚየም ሳያይ አይመለስም። ያኔ «ባለሙያ አይደለህም» ተብለው ቢመለሱ ኖሮ ያ ሁሉ ዕቃ በየገበያው ተበትኖ ይቀር ነበር። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያቆሙትም የተረፉትና የሟች ቤተሰቦች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጎብኚውን ካስረዱት መካከል ነገሩን በሥጋቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ የከበደ፣ ከዚያ የበለጠ የሚያነጋግር ታሪክ የለም፤ ቢሆንም ለባለቤቶቹ ተሰጠ።

ሌላም ሥጋት እንዳለ በጆሯችን ገብቷል። የ1969ኙ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በከተማችን የደረሱ ነገሮች ሲነሱ ሰፈርን ከሰፈር፣ ብሔርን ከብሔር ያጋጫል የሚል ነው። ሥጋቱን አንንቀውም። ነገር ግን ዝም ስለተባለ የተረሳ ነገር የለም። በየቤቱ፣ ለየልጁ፣ ለየብቻው እየተነገረ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ። በእኛ ቅዳሜ ላይ ሶማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ሐረሪውም፣ ጉራጌውም በአንድ ምንጣፍ ተቀምጦ ይደማመጣል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ካስፈለገም ተራውን ጠብቆ «እኔ ደግሞ እንዲህ ነው ያየሁት» ይላል። ማን ትክክል ነው ብለን አንፈርድም። ቃሉ እንዳይወጣ የፈለገ ሰው ካለም ቅጂው እስከሚፈቅድበት ጊዜ ድረስ ታሽጎ ይቀመጥለታል። እስካሁን የተጋጨነው በፎቶግራፍና በኳስ ነው።

ከከተማው በስተደቡብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ነገር ደግሞ በአጭሩ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1974 የውጭ ተመራማሪዎች ቆፍረውታል፤ ከ4,000 በላይ የኦከር (የቀለም አፈር) ቁርጥራጮች፣ በክብደት ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ፣ ከዚያ ወጥቷል። የዓለም ሳይንቲስቶች ስለ እርሱ ይጽፋሉ። ዋሻው ከትምህርት ቤቶቻችን በእግር የሚደረስ ነው፤ ከልጆቻችን መካከል ስሙን የሰማ ስንት ይሆናል? የባቡሩም ታሪክ እንዲሁ በሩቅ አገር መዝገብ ቤት የሚጠና፣ እዚህ ግን የማይታወቅ እንዳይሆን ነው ፍርሃታችን። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ አብረን ደስ ብሎናል፤ ልጆቻችንም ተሳፍረውበታል። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ መሠራቱ ግን አሮጌውን ጣቢያ ባለቤት አልባ አስመስሎታል። ባለቤት አልባ የመሰለ ነገር ደግሞ በእኛ አገር ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ የምንጠይቀው እንደሚከተለው ነው። ከእኛ የተወሰደው ዕቃ ሁሉ በዝርዝር ይታወቅ፣ የት እንዳለ ይነገረን፣ የሰጪው ስምና የዕቃው ታሪክ እኛው ባለንበት በመዝገቡ ላይ ይሞላ። ለኤግዚቢሽን የሚፈለገው ይቆይ፤ የማይፈለገው ለባለቤቱ ወይም ለወራሹ ይመለስ። የሽንሌው ፋኖስ ባለቤት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የእርሳቸው ይቅደም። የተቀዳው ድምፅ ተበላሽቶ ከሆነ ተበላሽቷል ተብሎ በግልጽ ይነገረንና በሕይወት ያሉትን ዳግመኛ እንቅዳ፤ ካልተበላሸ ግልባጩ ለየቤተሰቡ ይሰጥ። ወደፊት በአደባባይ የሚሰቀል ፎቶግራፍ የሰዎቹን ስም ይያዝ።

ከዚህ ሌላ፣ ከአሮጌው ጣቢያ ክፍሎች አንዲት ክፍል፣ ቁልፉን ከጽሕፈት ቤቱ ጋር በጋራ የምንይዘው፣ ለሰፈር ታሪክ ሥራ እንድትፈቀድልን እንለምናለን። ጣራዋ ቢያፈስ እኛው እንጠግነዋለን፤ ብየዳውንም ቀለሙንም የሚችል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ግቢውንና ወርክሾፑን በተወሰነ ቀንና ሰዓት እንዲጎበኙ፣ አስረጂዎቹም በቦታው የሠሩ ጡረተኞች እንዲሆኑ ይፈቀድ። እያንዳንዱ የከተማው ሰፈር ታሪኩን የሚሰበስብ ትንሽ ቡድን እንዲያቋቁም ቢደረግ ደግሞ ሥራው ከባቡሩም አልፎ ወደ ቀፊራ ገበያ፣ ወደ ሳቢያን፣ ወደ ለገሃሬ ይዘልቃል። ይህ የመጨረሻው ጊዜ እንደሚወስድ እናውቃለን፤ ክፍሏና ዝርዝሩ ግን ጊዜ የሚጠይቁ አይደሉም።

በእኛ በኩል ደግሞ የሚከተለውን ቃል እንገባለን። የሰበሰብነው ሁሉ አንድ ግልባጭ ለጽሕፈት ቤቱ ይሰጣል። ከጎብኚ ገንዘብ አንቀበልም። የማንንም ሃይማኖት፣ ብሔር ወይም ቤተሰብ የሚያዋርድ ነገር በእኛ ስም አይወጣም። ባለሙያ ሲላክልን እንታዘዛለን።

አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ መብታችን ስለሆነ፣ ለዚህ ማመልከቻ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። በቃል የሚሰጥ «በሂደት ላይ ነው» እንደ መልስ እንደማንቆጥረው ከወዲሁ እናሳውቃለን። መልስ ካላገኘን ጉዳያችንን ይዘን ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንሄዳለን፤ የሞዴል 19ኞቹን ኮፒና የተከለከልንበትን ደብዳቤ ለዚሁ አዘጋጅተናል። እስከዚያው ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰባችንን አናቋርጥም። ክቡርነትዎ ከሥራዎ ፋታ አግኝተው በመካከላችን ቢገኙ ቡናው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይፈላል፤ ጽሕፈት ቤቱ የላከውን ያንን ወጣትም ይዘውት ይምጡ፣ ወተት ሻጯ እናት ሊያነጋግሩት ፈቃደኛ ናቸው፣ አስተርጓሚም አለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አቤት ባዮች፤ የድሬዳዋ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ ቤተሰቦቻቸውና የሰፈር ነዋሪዎች

አባሪ፦ የፈራሚዎች ዝርዝር፣ የሞዴል 19 ኮፒዎች፣ የክልከላው ደብዳቤ ኮፒ